የንጉሡን ድምፅ የሚሠራው

ቀናው ከመናገሩ በፊት ግራ እጁን ትንሽ ከፍ ያደርግና፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ አየሩን ወደ ግራ ያዞራል። ለሰላምታ መልስ ሲሰጥ ያዞራል። የጥገና ዋጋ ሲጠየቅ ያዞራል። ጠዋት ሚስቱ አትጠገብ ሻይህ ቀዘቀዘ ስትለው፣ መጀመሪያ ያዞርና ከዚያ «እሺ» ይላል። የማያውቁት ሰዎች እጁን የሚያመው ይመስላቸዋል። የጅጅጋ የድሮ ጎረምሶች ግን፣ ዛሬ ሽበት ያበቀሉት፣ የሚያዞራት ነገር ምን እንደሆነች ያውቃሉ፤ የአምፕሊፋየር ድምፅ መቀነሻ ናት። ዐሥራ አራት ዓመት የፈረንጅና የህንድ ድምፅ በግራ እጁ እየቀነሰ በራሱ ድምፅ ሲናገር ኖሯል። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ይህ ለእጁ አልተነገረውም።

የተወለደው እዚሁ ጅጅጋ ነው። አባቱ በወታደርነት መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገሬ ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲሉ እዚሁ የተቀበሩ ሰው ነበሩ። ሶማሊኛን የተማረው ከሰፈር ልጆች ጋር የጨርቅ ኳስ ሲያሯሩጥ ነው፤ አፉን ከፈታበት አማርኛ አያንስም። በደርግ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ቀጥሮት ነበር። መንግሥት ተለውጦ የቢሮው ቋንቋ ሶማሊኛ ሲሆን፣ የአማርኛው ታይፕ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መጋዘን ገባ፤ ቀናውም አብሮት ተነሣ። በመሰናበቻው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ገዝቶ፣ በ1987 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ቤት ከፈተ።

እዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት ያለ ተርጓሚ አይሠራም ነበር። ተመልካቹ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይገባና ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላል። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ በካርቶን ግርዶሽ ጀርባ ማይክ ይዞ ይቀመጣል። የፊልሙ ሰው አፉን ሲከፍት ድምፁን ይቀንስና በሶማሊኛ ይናገርለታል። የቀናው እንግሊዝኛ ግማሽ ነበር፤ ህንድኛ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። ይህንን አይደብቅም፤ ሥራው ያ ነበር ይላል። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ዝምታ አይፈቀድም። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ቢተያዩ እንኳ ተርጓሚው ምን እያሰቡ እንደሆነ መናገር አለበት። አለዚያ ከጨለማው ውስጥ አንዱ «ተርጓሚው ተኛ» ብሎ ይጮኻል።

ኢሴን ያገኘው በ1992 ነው። ኢሴ የአውበሬ ልጅ ነበር፤ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ በሚመጡ የጭነት መኪናዎች ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። አንድ ቀን ቀናው የህንዷን ሙሽራ በዚያ ጎርናና ድምፁ ሲተረጉም፣ ከኋላ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ ተነሣ።

«ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ሙሽራዋን ጉንፋን ይዟታል እንዴ?»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ቀናው በግርዶሹ ሥር አንገቱን ቢያወጣ፣ የተናገረችው ሴት ፂሙን ያልተላጨ ኢሴ ነበር። ማይኩን አቀበለውና ና ተናገርላት አለው። ኢሴም ተናገረላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራውን ተካፈሉ። ቀናው ወንዶቹን ያዘ፤ ዳኛውን፣ ጄኔራሉን፣ አባትየውን፣ ወንበዴውን። ኢሴ ሴቶቹን፣ ልጆቹን፣ ሕዝቡንና ፈረሶቹን ያዘ። አንዲት ማይክ በመካከላቸው ትመላለሳለች፤ የድምፅ መቀነሻው ላይ የቀናው ግራ እጅ ይቀመጣል። ኢሴ ለመናገር ሲፈልግ ቀናውን በክርኑ ይነካዋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠሩ። ኢሴ ፈርሂያ የምትባል የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ሲያገባ፣ በሙሽራው በኩል ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል አንዱ ቀናው ነበር። ኢሴ ሲቀልድበት «ሀበሻዬ» ይለዋል፤ ቀናው ደግሞ «ሙሽራዬ» ይለዋል።

በ2001 ጥር ላይ ኢሴ ከቶጎጫሌ አንድ ሲዲ ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ዘውድ የደፋ ሰው፣ ከኋላው መርከብ፣ ከመርከቡ በላይ ጭስ አለ። የሸጠለት ነጋዴ ከፍተኛ ጦርነት አለበት ብሎ ምሎለታል። ሁለቱም አስቀድመው አላዩትም፤ የማየት ልማድም አልነበራቸውም። «የንጉሡ ጦርነት» ብለው በኖራ በር ላይ ጻፉ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ።

ፊልሙ ውስጥ ጦርነት አልነበረም። ንጉሡ የዘመናችን ሰው ነው፤ ሱፍ ይለብሳል፣ መኪናውን ራሱ ይነዳል፣ ሞባይል ይይዛል። የባሕር ኃይል ልምምድ ሊያይ ይሄዳል። አየሩ መጥፎ ነው፤ ንጉሡ ግን መጥቷል ተብሎ መርከቧ ትወጣለች። ትሰምጥና ሠላሳ አንድ ወጣቶች ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንግግር ብቻ ነው። አማካሪዎቹ ንጉሥ ከተናገረ ጥፋተኛ ይሆናል ይሉታል። የሟቾቹ እናቶች ፎቶ ይዘው ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ይቆማሉ። ጋዜጣ ይጽፋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይለምናል። ንጉሡ ፂሙን ይላጫል፤ እንቁላሉን ይበላል፤ በመጋረጃ ሥር ወደ በሩ ያያል፤ አይወጣም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ጦርነቱ የታለ፣ ኢሴ ቶጎጫሌ ረሳኸው እንዴ ብሎ ጮኸ። ኢሴ በንግሥቲቱ ድምፅ ታገሡ፣ ንጉሡ ቁርሱን አልጨረሰም ብሎ መለሰ። ሣቁ። ሣቅ ብቻውን ግን አንድ ሙሉ ፊልም አያሻግርም፤ ቀናው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ፊልሙን ወደ አገሩ አመጣው። ንጉሡን «ኡጋስ» አለው፤ የጎሣ መሪ ማለት ነው። ባሕሩን የክረምት ጎርፍ አደረገው። ኢሴም እናቶቹን የጅጅጋ ገበያ ወተት ሻጮች አደረጋቸው፤ በየሰፈራቸው ስም እየተጠራሩ፣ እየተሟገቱ፣ በአማካሪዎቹ ሆድ እየቀለዱ።

ያን ጊዜ ቤቱ ተለወጠ። ኡጋስ ሆኖ ለቅሶ የማይደርስ ሰው በዚህ አገር የለም። ሰው ሞቶበት ተዕዚያ ያልተቀመጠ መሪ፣ መሪ አይባልም። ጋደም ያሉት ቀና አሉ። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ዐብዱልቃድር ከምንጣፉ ተነሥቶ ለቴሌቪዥኑ ተናገረ።

«ውረድ እንጂ አንተ ሰው። ሞቶብሃል እኮ።»

ማንም አልሣቀበትም። ከኋላም ከፊትም ውረድ፣ ውረድ ማለት ጀመሩ። ጥይት ያልተተኮሰበትን ፊልም እንዲህ ሲያዩ ቀናው ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

መጨረሻው አካባቢ አንዲት እናት አለች። ሌሎቹ ሲጮኹ እሷ ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ፎቶውን ማለት ነው፣ ዝም ብላ ትቆማለች። ዝናብ ይዘንባል። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ አፏ አይከፈትም። ዝምታ ደግሞ አይፈቀድም። ከግርዶሹ ጀርባ የሴት ድምፅ ወጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ብዙ ቀን እንዳለቀሰ ሰው የጎረነነ።

«ስማቸውን መጥራቱንም ተዉት። የወሰዳችኋቸውን ሬሳቸውን ስጡን። መቅበር እኛ እናውቅበታለን።»

ፊልሙ ውስጥ ልጆቹን የወሰደ ሰው አልነበረም፤ ባሕር ነው የበላቸው። ያን ዓመት በጸጥታ ሰዎች ከየቤቱ በፒካፕ የተወሰዱ ልጆችን የማያውቅ ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጫት የሚቀነጥስ እጅ ሁሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ብቻውን፣ ያለ ጃንጥላ ወርዶ በሩን መክፈቱን፣ የእናትየዋን ልጅ ስም መጠየቁን ያየ እንጂ የሰማ የለም። ሰዉ ጫማውን እየፈለገ ቶሎ ቶሎ ወጣ።

በማግሥቱ ነገሩ ገበያ ደረሰ። ሴቶች ቪዲዮ ቤት አይገቡም፤ ኢሴ ያላትን ሰምታችኋል እየተባባሉ ግን በጆሮ ተቀባበሏት። ኢሴ ያን ቀን ድምፁን እንዴት አድርጎ እንዳጎረነነው፣ እውነተኛ እናት እንጂ ኢሴ እንዳልመሰለ አወሩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ የህንድ ፊልም እየታየ ሳለ ሦስት ሰዎች ገቡ። አልጮኹም፤ ማንንም አልገፉም። አንደኛው ግርዶሹን በእጁ ገለጥ አድርጎ የሴቶቹን ድምፅ የሚሠራው የትኛችሁ ነው አለ። መልሱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ኢሴ እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ። ሰውየው ወደ ቀናው ዞረ።

«አንተስ?»

«ንጉሡን ነው የምሠራው።»

ሰዎቹ ሣቁ። ቀናው ሌላም ሊናገር አፉን ከፈተ። ኢሴ ጎንበስ ብሎ በድምፅ መቀነሻው ላይ ባለው የቀናው እጅ ላይ የራሱን እጅ አደረገ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ግራ አዞረው። ስትዘፍን የነበረችው ህንዳዊት አፏ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቀረ። ኢሴ ጃኬቱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰና ወጣ። ደጅ ፒካፕ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቀናው ሕይወት አንድ ጥያቄ ሆነ፤ ኢሴ ይመለሳል ወይ? ቪዲዮ ቤቱን ዘጋው። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው መንገድ ላይ ሬዲዮና ሪሞት የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በየማለዳው ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ፈርሂያ ዘንድ ይሄድና አንድ ኩባያ ወተት ይጠጣል። የግመል ወተት አይወድም። ዘጠኝ ዓመት ጠጣው።

ዐርብ ዐርብ ከፈርሂያ ጋር ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ይሄዳሉ። ልብስና ሳሙና በፌስታል ይዘው ይሰለፋሉ። በሩ ላይ ያለው ሰው ፌስታሉን ይቀበላል፤ ኢሴን ግን አያሳይም። ፌስታል መቀበሉ ለፈርሂያ ትልቅ ነገር ነበር። ከተቀበሉ አለ ማለት ነው ትላለች። በ2003 ዐረፋ ሊደርስ ሲል ሰውየው ፌስታሉን ሳይነካ ይህ ስም እዚህ የለም አላት። ወዴት ሄደ ብላ ጠየቀች። ይህ ስም እዚህ የለም አለ እንደገና። ለበዓል የሰፋችለትን ሽርጥ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህም ዐርብ ዐርብ መሄዳቸውን አልተዉም፤ በሩ ማዶ ካለው ግንብ ጥላ ሥር ቆመው ይመለሳሉ።

ሰዎች ያጽናኗት ዘንድ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። ወንዶች ሁሉ የፈሩትን ባልሽ ተናገረ ይሏታል። እሷም ይዛው ኖረች። ልጅ የተወሰደባቸው ሴቶች ወተት ሊገዙ ሲመጡ፣ ግራ ቀኝ አይተው እጇን ይጨብጧታል። ጎረቤቷ ኬሪያ፣ ልጇ ከኢሴ አስቀድሞ የተወሰደባት፣ ያቺን አንዲት ንግግር እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛታለች። ፈርሂያ ከዕለታት አንድ ቀን ለቀናው እንዲህ አለችው።

«ወላሎ፣ ባሌን አጣሁ። ግን እንደ በግ አልተወሰደብኝም። ተናግሮ ነው የሄደው።»

ቀናው ጣቶቹን አዞረ። ኩባያውን መልሶላት ሄደ።

በ2010 ሐምሌ መጀመሪያ እስረኞች መፈታት ጀመሩ ተባለ። ሁለቱም ሦስት ቀን ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ዋሉ። የሚወጡት ሰዎች ፀሐዩን በእጃቸው እየከለሉ ነበር የሚሄዱት። ፈርሂያ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች፤ ዘጠኝ ዓመት ፊትን ምን እንደሚያደርግ ስለማታውቅ ጆሮውንም እጁንም ታያለች። በሦስተኛው ቀን ዐብዲሓኪም የሚባል አንድ ሰው፣ በዱላ የሚሄድ፣ የኢሴን ስም ስትጠራ ሰምቶ ቆመ። አብረው ታስረው ነበር። ኢሴ በ2003 መጀመሪያ ሆዱን ታሞ ሞተ። የት እንደተቀበረ አያውቅም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲያወጡት ነው ያየው።

ፈርሂያ መሬት ተቀመጠች። ዐብዲሓኪም ሊያጽናናት ፈለገ መሰለኝ፣ ኢሴ ክፍሉ ውስጥ ፊልም ያሳያቸው እንደነበር ነገራት። ቴሌቪዥን የለም፤ ድምፁን ብቻ። ህንዶቹን፣ ሙሽሮቹን፣ ፈረሶቹን። ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁት የንጉሡን ነበር፤ የታሰረበት መሆኑን ያውቃሉና። ንጉሡንም ራሱ ይሠራዋል፤ ይህ የሀበሻዬ ድምፅ ነው እያለ።

«ዝም የምትለዋ እናት ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላል» አለ ዐብዲሓኪም። «ኧረ ተናገራት፣ ለሷ ብለህ አይደል የታሰርከው እንለዋለን። ፊልሙ ውስጥ ምንም አትልም ይለናል። ብንለምነውም አይናገራትም።»

ፈርሂያ እዚያ ውስጥ ፈርቶ ነው አለች፣ ፍርሃት አይፈረድበትም። ቀናው ዐብዲሓኪምን አላየውም። የተቀመጠበትን አፈር በጣቱ ሲጭር ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ከተማው ታመሰ። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፤ ከደጋ የመጡ የሚባሉ ሰዎች፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁትም ጭምር፣ መደበቂያ አጡ። የቀናው የጥገና ሱቅ ከነሬዲዮኖቹ ነደደ። ፈርሂያ እሱንና አትጠገብን በጓሮ አስገብታ፣ የወተት ጀሪካኖች በሚቀመጡባት ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን አቆየቻቸው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዱላ የያዙ ልጆች በሩን መቱ። ፈርሂያ ደፉ ላይ ቆማ የማን ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ አለቻቸው። የኢሴ ቤት ነው አሉ።

«እንግዲያው ያን የተናገረው ሰው ቤት ነውና እዚህ በር ላይ አትጩኹ።»

ሄዱ። ያቺ ንግግር ቀናውን እንዲህ አድርጋ ከሞት አወጣችው። ፈርሂያ ተመልሳ ገብታ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። ቀናው ሊናገር ፈለገ። ግራ እጁን አነሣ፣ አዞረ፤ ድምፁ አልወጣም። እሷ ውኃ የጠማው መስሏት አቀበለችው።

ይህንን ሁሉ የነገረኝ በመስከረም ነው፤ ሱቁ በነበረበት ቦታ፣ በተቃጠለ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠን። ሲጨርስ ከሁሉም አንዲት ነገር እንዳልጽፍ ለመነኝ። ለራሴ አይደለም አለ፤ ለራሴም ነው አለ ቆይቶ። ፈርሂያ በሕይወት እስካለች ድረስ አትጻፊው፤ በእጇ የቀራት እሱ ብቻ ነው። እሺ አልኩት።

ፈርሂያ በኅዳር ዐረፈች። ልቧ ነው አሉ። ለባሏ ያልተገኘው መቃብር ለሷ ተገኘ፤ ቀናው ከወንዶቹ ጋር አፈር አልብሷል። ከቀብሩ ስንመለስ ስለዚያች ነገር ጠየቅሁት። እንደ ልማዱ አየሩን ወደ ግራ አዞረና መንገዱን ቀጠለ። አትጻፊ አላለኝም። ጻፊም አላለኝም።

የንጉሡ ፊልም የታየ ቀን ማይኩ በቀናው እጅ ነበር። በዚያው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ኬሪያን፣ የልጇን ፎቶ በሻሿ ጠቅልላ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አይቷታል። ከሰዓት በኋላ የስክሪኗ ሴት ዝም ብላ ስትቆም ያየው የኬሪያን ፊት ነው። ኢሴ ተራዬ ነው ብሎ በክርኑ ነካው፤ እጁንም ዘረጋለት። ቀናው ማይኩን አልሰጠውም። «ሬሳቸውን ስጡን» ያለው እሱ ነው። ሴት ለመምሰል ድምፁን ሊያቀጥን ሞክሮ ነበር፤ እንደ ድሮው ሁሉ ያን ጊዜም አልቻለም። የጎረነነው ለዚያ ነው።